ካርታ ከመደራረብ ባሻገር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ መልክዓ ምድር ንድፍ ባለሙያው ስለ ኢያን ማክሃርግ ያወጣችሁት ጽሑፍ ካርታ በካርታ ላይ መደራረብን የእርሳቸው ፈጠራ ማድረጉ ትክክል አይመስለኝም፤ ዘዴውን ዋረን ማኒንግን የመሰሉ ባለሙያዎች ቀደም ብለው ተጠቅመውበታል። በስኮትላንድ እ.ኤ.አ. በ1920 ተወልደው በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት ያስተማሩት ማክሃርግ ያመጡት አዲስ ነገር፣ የአፈር፣ የውኃ፣ የደንና የመኖሪያ ሰፈር ዋጋ እንደ ክብደቱ እየጠቆረ ብርሃን በሚያሳልፍ ወረቀት ላይ እንዲሰፍርና ወረቀቶቹ ሲነባበሩ ፈዝዞ የሚታየው፣ ማለትም ጉዳት የሚያንስበት ስፍራ ለመንገድ እንዲመረጥ ማድረጋቸው ነው። በኒው ዮርክ ስታተን ደሴት ለታሰበው አውራ ጎዳና ያቀረቡት ጥናት የተመሠረተው በዚሁ ላይ ነበር (ወጪ በገንዘብ ብቻ ይሰላ በነበረበት ዘመን ድፍረት የሚጠይቅ ሐሳብ ነው)።

በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት በሂውስተን አቅራቢያ የምትገኘው ዉድላንድስ የተባለች ከተማ በጽሑፉ አለመነሳቷም ያስቆጫል። የማክሃርግ ቡድን በዚያ የዝናብ ውኃ በተቀበረ ቱቦ ከመወሰድ ይልቅ በተፈጥሮ ቦዮች እየተመራ ወደ አፈር እንዲሰርግ አቅዶ ነበር፤ በኋላ የተገነቡት ሰፈሮች ወደ ተለመደው የፍሳሽ አሠራር በመመለሳቸው ሁለቱን አሠራሮች በአንድ ከተማ ውስጥ ማነጻጸር ተችሏል። ይህን በቀጣይ እትማችሁ ብትመለሱበት መልካም ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢ