ኔትወርክ ካርዱ ከመቀየሩ በፊት ቁጥሩ ይነበብ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰርቨር ላይ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሲጫን ኢንስቶለሩ (ጭነቱን የሚያካሂደው ፕሮግራም) «ኔትወርክ ካርድ አልተገኘም» ብሎ ይቆማል። ያኔ ብዙ ባለሙያ ካርዱ ተቃጥሏል ብሎ ሌላ ያስገዛል፤ አለዚያም የቆየ የሲስተም ስሪት ይጭናል። ሁለተኛው ይብሳል፤ የደኅንነት ማሻሻያ የማይደርሰው ሰርቨር ሥራ ላይ ይውላልና።

ካርዱ ደህና ሆኖ ሳለ ይህ የሚሆንበትን ምክንያት በፒኤክስኢ፣ ማለትም ከዲስክ ሳይሆን በኔትወርክ በኩል፣ በሚነሣ ሰርቨር ላይ በግልጽ ማየት ይቻላል። ማሽኑ ከርነሉን፣ የሲስተሙን እምብርት፣ በዚያው ካርድ ያወርዳል፤ ኢንስቶለሩ ሲከፈት ግን ካርዱ የለም። ሲነሣ ካርዱን ያንቀሳቀሰው ካርዱ ውስጥ የተቀመጠ ፕሮግራም ነበር። ከርነሉ ሥራውን ከተረከበ በኋላ የራሱን ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራ ፕሮግራም) ይፈልጋል፤ ያንን ካጣ የወደቡ መብራት ቢበራም ኔትወርክ አይኖርም።

ስለዚህ መጀመሪያ የካርዱ መለያ ቁጥር ይነበብ። ዴቢያን በተባለው የሊኑክስ ሲስተም ኢንስቶለር ኮንትሮል፣ ኦልትና ኤፍ2 አንድ ላይ ሲጫኑ ኮንሶል (ትዕዛዝ የሚጻፍበት ስክሪን) ይከፈታል። እዚያ «ኤልኤስፒሲአይ» የተባለው ትዕዛዝ ከ«ኤንኤን» አማራጭ ጋር ሲሰጥ በኮሎን የተለዩ ሁለት ባለ አራት አኃዝ ኮዶች ያወጣል። የፊተኛው የአምራቹ ነው፦ 8086 ኢንቴል፣ 14ኢ4 ብሮድኮም፣ 10ኢሲ ሪልቴክ። የኋለኛው የቺፑ ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ስም አይበቃም፤ በአንድ ስም የተለያየ ቺፕ ያለው ካርድ ይሸጣል።

ቀጥሎ የከርነሉ መልእክት ይታይ። ድራይቨሩ ኖሮ ፈርምዌር (ቺፑ ላይ የሚጫን ፕሮግራም) ብቻ ከጎደለ፣ መልእክቱ የጎደለውን ፋይል በስሙ ይጠራል፤ «ቢኤንኤክስ2» የተባለው የብሮድኮም ካርዶች ድራይቨር ዋና ምሳሌ ነው። ፋይሉን በፋት32 በተፎረመተ ፍላሽ አምጥቶ መስጠት ይበቃል። ከ2023ቱ ዴቢያን 12 ጀምሮ ይህ ፈርምዌር ከኢንስቶለሩ ጋር ይመጣል።

ድራይቨሩ ራሱ ከሌለ ነገሩ ይከብዳል። ሬድ ሃት 8 የተባለው የሊኑክስ ሲስተም ለበርካታ አሮጌ ካርዶች የነበረውን ድጋፍ አንሥቷል፤ ለብዙዎቹ ኤልሪፖ የተባለው የድራይቨር ማከማቻ የድራይቨር ዲስክ ያዘጋጃል። ዲስኩ የተቀመጠበት ፍላሽ «ኦኢኤምዲአርቪ» የሚል መለያ በላቲን ትልልቅ ፊደላት ከተሰጠው ኢንስቶለሩ ራሱ ያነበዋል። እዚህ ላይ የሚያሰናክለው ስሪት ነው፦ ለ8.6 የተሠራ ድራይቨር በ8.9 ላይ ላይነሣ ይችላል። ሴኪዩር ቡት የተባለው የማስነሻ ጥበቃ ከበራም፣ ሲስተሙ በሚያውቀው ቁልፍ ያልተፈረመ ድራይቨር አይቀበልም፤ ወይ ቁልፉ ይመዝገብ፣ ወይ ሴኪዩር ቡት ይጥፋ።

ዲስክም ካልተገኘ፣ የሪልቴክ 8153 ቺፕ ያለው የዩኤስቢ ኔትወርክ አዳፕተር ለጊዜው ይሰካ። ጭነቱ ካለቀ በኋላ ድራይቨሩ ከሶርስ ኮዱ ይገንባ፤ ለዚህም የከርነል ሄደር የተባሉት ፋይሎች፣ እንዲሁም ጂሲሲና ሜክ የተባሉት የግንባታ ፕሮግራሞች ያስፈልጋሉ። ግንባታው ከርነሉ በታደሰ ቁጥር ድራይቨሩን እንደገና በሚገነባው በዲኬኤምኤስ ይሁን። በእጅ የተገነባ ድራይቨር ለአንድ ከርነል ብቻ ነው፤ ከርነሉ ሲታደስና ሰርቨሩ ዳግም ሲነሣ ከኔትወርኩ ይጠፋል፣ ኮንሶሉ ሩቅ ከሆነ ደግሞ ማንም አይደርስለትም።

በአንድ ሰርቨር ላይ ብዙ ምናባዊ ማሽኖችን በሚያሠራው በቪኤምዌር ኢኤስኤክስአይ ግን ካርድ መቀየሩ ትክክል ነው። በ2020 የወጣው ስሪት 7.0 ከሊኑክስ የተወረሱትን አሮጌ ድራይቨሮች አስወግዷል፤ የሚያውቀው ካርድ ካጣም ጭነቱን ያቆማል።

የሰርቨር ግዢ ሰነድ የሚያዘጋጁ ሁሉ «ባለ ሁለት ወደብ ኔትወርክ ካርድ» ብለው አይለፉት። የአምራቹና የቺፑ ኮድ፣ የሚጫነው ሲስተምም ከነስሪቱ ይጻፍ፤ ሻጩም በዚያ ስሪት ላይ ካርዱ ሲሠራ ከርክክቡ በፊት ያሳይ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሰርቨር ባለሙያ