ኤቺንግ የቀለም ቅብ ግልባጭ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የጋዜጦቻችን የባህል ዓምዶች ስለ አንድ ሠዓሊ ሲጽፉ ሸራ ላይ የተሠራውን የቀለም ቅብ ዋና ሥራ፣ ወረቀት ላይ የታተመውን ደግሞ ማሟያ አድርገው ማቅረብ ለምደዋል። ከፎቶው ሥር የሚሰፍረው መግለጫም ሥራው በምን እንደተሠራ እምብዛም አይናገርም። መዳብ ላይ በእጅ ተሠርቶ የታተመው ኤቺንግ (በሰም የተሸፈነ የብረት ገበታ፣ ማለትም ፕሌት፣ በመርፌ ተሥሎ በአሲድ ከተቆፈረ በኋላ የሚታተምበት ዘዴ) እና ከፎቶግራፍ ተቀድቶ ከፕሪንተር የወጣው በአንድ ስም ስለሚጠሩ፣ አንባቢው ሁለቱንም የሥዕሉ ቅጂ አድርጎ ያያቸዋል። ይህ በአለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሙያውን ተምረው በእጃቸው የሚያትሙትን ሠዓልያን ይጎዳል፤ ገዢውንም ያሳስታል።

ነገሩ ከሁሉ ይልቅ በስቲል ላይፍ (የማይንቀሳቀሱ ዕቃዎች ሥዕል) ላይ ጎልቶ ይታያል፤ ምሳሌው ደግሞ ጣሊያናዊው ጆርጆ ሞራንዲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1890 ቦሎኛ ተወልዶ በ1964 እዚያው ያረፈው ይህ ሰው ዕድሜውን በአብዛኛው ጠርሙስ፣ ማሰሮ፣ ጣሳና ፋኖስ ሲሥል ኖረ። በ1948 የቬኒስ ቢየናሌ (በየሁለት ዓመቱ የሚካሄድ የሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ) በቀለም ቅብ ሸለመው፤ በ1953 የሳኦ ፓውሎ ቢየናሌ በኅትመት ሥራው ሸለመው። ከ1930 እስከ 1956 በቦሎኛ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ያስተማረውም ቀለም ቅብ ሳይሆን ኤቺንግ ነበር።

ሞራንዲ ከመሣሉ በፊት ዕቃዎቹን ያዘጋጃል። አንዳንዱን ጠርሙስ በማያንጸባርቅ ቀለም ይቀባዋል፣ አንዳንዱን በዱቄት ቀለም ይሞላዋል፤ የሰፈረባቸውን አቧራ አይጠርግም። ጠረጴዛው ላይ ባነጠፈው ወረቀት ደግሞ እያንዳንዱ ዕቃ የቆመበትን ቦታ በእርሳስ ያሰምራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ መስታወት ላይ የምታበራ አንዲት ነጥብ ዓይንን ጠርታ ታስቀራለች። እሷ ስትጠፋ የሚቀረው የብርሃንና የጥላ ደረጃ፣ እንዲሁም የዕቃው ጠርዝ ነው። ሸራው ላይ ይህን ደረጃ የሚሰጠው የተቀላቀለ ቀለም ነው። ነጭ፣ ቢጫ አፈርና ግራጫ እጅግ ተቀራርበው ስለሚሠሩ፣ ነጩ በጥቂቱ ቢበዛ ጠርሙሱ ከኋላው ካለው ግድግዳ ጋር ይዋሃድና ይጠፋል።

ፕሌት ላይ ግን ነጭ ቀለም የለም። ነጩ ያልተነካው ወረቀት ነው፤ ጥቁሩ አንድ ዓይነት ጥቁር ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ግራጫ ሁሉ የሚገኘው ከመስመሮቹ መቀራረብና አሲዱ ከቆፈረው ጥልቀት ብቻ ነው። ሞራንዲ ደግሞ ጥላውን የሚሠራው ከሞላ ጎደል በተጠላለፉ መስመሮች ነው። በ1931 በወፋፍራም መስመር የሠራውን ስቲል ላይፍና በ1933 እጅግ በቀጫጭኑ የሠራውን ጎን ለጎን ያየ ሰው ይህን ያስተውላል። በመጀመሪያው መስመሮቹ ራሳቸው ይታያሉ፤ በሁለተኛው መስመሮቹ ይጠፉና ዕቃው በጭጋግ ውስጥ የቆመ ይመስላል። ይህን ውሳኔ ከሸራ መገልበጥ አይቻልም፤ ሸራው ላይ የለምና።

የሥራው ሂደት ራሱ ይመሰክራል። ከ1 እስከ 1.5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ወይም የዚንክ ፕሌት ይቆረጥና ጠርዙ በሞረድ ወደ 45 ዲግሪ እንዲያዘነብል ይደረጋል፤ አለዚያ ወረቀቱንም የማተሚያውን ፌልትም (ወፍራም የሱፍ ጨርቅ) ይቆርጣል። ከዚያ በቾክ ዱቄትና በአሞኒያ ይታጠባል። ውኃ ሲፈስበት ሳይቆራረጥ በሙሉ ከሸፈነው ቅባቱ ለቋል ማለት ነው፤ እንደ ጤዛ ከተንጠባጠበ ገና ነው። ከንብ ሰም፣ ከሬንጅና ከጥድ ሙጫ የተሠራው የአሲድ መከላከያ በሞቀው ፕሌት ላይ በስሱ ይዳመጥና በሻማ ጭስ ይጠቁራል። መርፌው ሰሙን ብቻ ይከፍታል፤ ብረቱን መፋቅ የለበትም። ሥዕሉ ሲታተም ግራና ቀኙ ስለሚለዋወጥ፣ ብርሃኑን ከግራ የሚፈልግ ሠዓሊ ፕሌቱ ላይ ከቀኝ አድርጎ መሥራት አለበት።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው አሲዱ ላይ ነው። ለዚንክ 1 እጅ ናይትሪክ አሲድ ለ8 እስከ 12 እጅ ውኃ ይበቃል፤ አሲዱ ወደ ውኃው ይጨመራል እንጂ ውኃው ወደ አሲዱ በፍጹም አይጨመርም። መስመሩ ላይ የሚሰበሰበው አረፋ በላባ ካልተጠረገ መስመሩ ይጎረባብጣል። ቀጭን መስመር የሚፈልግ ሰው በመዳብና በፌሪክ ክሎራይድ (መዳብን በሚበላ የብረት ጨው) ቢሠራ ይሻለዋል፤ መስመሩን ወደ ጎን ብዙም ሳያሰፋ ወደ ታች ይቆፍራል። ፕሌቱ ግን ፊቱን ወደ ታች አድርጎ መግባት አለበት፤ አለዚያ ዝቃጩ መስመሩ ውስጥ ተኝቶ ቁፋሮውን ያቆመዋል። የሣሱት መስመሮች ጥቂት ደቂቃ ቆይተው በቫርኒሽ ይሸፈናሉ፣ ጠቆር የሚሉት ይመለሳሉ፤ ይህ ሦስት አራት ጊዜ ሊደገም ይችላል። ክፍሉ ሲሞቅ አሲዱም ስለሚፈጥን፣ በቁራጭ ብረት ሳይሞክሩ የትናንቱን ሰዓት ማመን አያዋጣም።

ስቲል ላይፍ የሚሠራ ሰው ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ጉዳት አለ። ጥላውን ለማጥቆር መስመሮቹ ከልክ በላይ ከተጠጋጉ በመካከላቸው ያለው ሰም ይፈርሳል፤ አሲዱ መስመሮቹን አገናኝቶ ሰፊና ጠፍጣፋ ጉድጓድ ይሠራል። ቀለም የሚይዘው የጠባብ መስመር ግድግዳ ስለሆነ፣ ጠፍጣፋው ጉድጓድ ሲወለወል ይጸዳና ከሁሉ ይጠቁራል የተባለው ቦታ ገርጥቶ ይወጣል። መድኃኒቱ መስመሮቹን አራርቆ በጥልቀት ማስቆፈር፣ የሚሻገረውን መስመር ደግሞ ከመጀመሪያው አሲድ በኋላ በአዲስ ሰም ላይ መጨመር ነው።

ማተሙም ቢሆን የማሽን ሥራ ብቻ አይደለም። በካሬ ሜትር ከ250 እስከ 300 ግራም የሚመዝን የጥጥ ወረቀት ግማሽ ሰዓት ያህል ይነከርና ውኃው ላዩ ላይ እስከማያብረቀርቅ ድረስ ይመጠጣል። ከረጠበ ቀለሙን ይገፋል፤ ከደረቀ መስመሩ ውስጥ ገብቶ አያወጣውም። ፕሌቱ ሞቅ ብሎ ቀለም ይጠጣል፣ በጠንካራ ሻሽ ክብ እየዞረ ይጠረጋል፣ መጨረሻ ላይ በመዳፍ ይወለወላል። ከሚገባው በላይ የተወለወለ ፕሌት መስመሮቹ ሣስተው ይወጣሉ፤ ሳይበቃው የታተመ ደግሞ ጠርሙሱን ሁሉ ያጨልመዋል። ለእያንዳንዱ ወረቀት ይህ ሁሉ ከአዲስ ይደገማል።

ስለዚህ ዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው፣ የኅትመት ሥራ ሲወጣ መግለጫው ዘዴውንና ብረቱን (ለምሳሌ «ኤቺንግ፣ መዳብ»)፣ የፕሌቱን ቁመትና ስፋት በሴንቲሜትር፣ ፕሌቱ የተሠራበትንና ወረቀቱ የታተመበትን ዓመት፣ በእርሳስ የተጻፈውን ቁጥር እንዲይዝ ነው። ሁለቱ ዓመታት ለየብቻ መጻፋቸው ግድ ነው፤ ሠዓሊው ካረፈ በኋላ ከፕሌቱ የሚታተም ወረቀት ራሱ ካተመው ጋር እኩል አይደለም። 12/50 ማለት ከሃምሳ ቅጂ በ12 ቁጥር የተመዘገበው ማለት ነው። ሠዓልያን ሁልጊዜ በታተመበት ቅደም ተከተል ስለማይቆጥሩ፣ ትንሹ ቁጥር የግድ የተሻለ ቅጂ አይደለም።

ከፕሪንተር የወጣ ከሆነም ይኸው በግልጽ ይጻፍ። ገዢም 10 ጊዜ በሚያጎላ መነጽር ቢመለከት፣ የፕሪንተሩ ሥራ ወደ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ይበተናል። በኤቺንግ ግን ቀለሙ ከወረቀቱ ከፍ ብሎ ይቆማል፤ በሥዕሉ ዙሪያም ፕሌቱ የተጫነበት ጉድባ አለ። ጉድባው ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ባዶ ፕሌት ጭኖ ማስመሰል ስለሚቻል መጀመሪያ የሚታየው መስመሩ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የኅትመት ሥዕል ባለሙያ
አዲስ አበባ