ግልጽ ደብዳቤ ለኢትዮጵያ ደን ልማት፦ ደኑን በበጋም አስቡት

ለኢትዮጵያ ደን ልማት ዋና ዳይሬክተር
አዲስ አበባ

የተከበሩ ዋና ዳይሬክተር፣

ከአክብሮት ሰላምታ ቀጥሎ በቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ። የምጽፍልዎ ስለ ደጋ ደኖቻችን ነው፤ በተለይ ስለ ወፍ ዋሻ። ጥያቄዬም አንድ ነው። የመንግሥት የሥራ ዓመት ከደኑ ዓመት ጋር እንዲገጥም እፈልጋለሁ። አሁን የአገሩ ሁሉ ዓይን ደን ላይ የሚያርፈው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው። ዛፍ የሚሞተውም የሚተርፈውም ግን በሌሎቹ ወራት ነው።

በክረምቱ ተከላ ቅር የተሰኘሁ እንዳይመስልዎ። አረንጓዴ አሻራ በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር፣ ሐምሌ 22 ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ በይፋ ተነግሯል። ያን ዕለት ተማሪው፣ ሠራተኛው፣ ገበሬው፣ ሁሉም ጭቃ ውስጥ ገብቶ ቆፍሯል። ሰው ለዛፍ ብሎ በነቂስ ሲወጣ ማየት ደስ ይላል። ይቀጥል። ግን ችግኝ በአንድ ጠዋት ይተከላል፤ ለመጽደቅ ዓመታት ይፈልጋል። እነዚያ ዓመታት ደግሞ ካሜራ በሌለበት ነው የሚያልፉት።

ወፍ ዋሻ በሰሜን ሸዋ፣ በአንኮበርና በጣርማ በር አካባቢ፣ ወደ አፋር ቆላ በሚወርደው ገደላማ ተዳፋት ላይ ያለ የተፈጥሮ ደን ነው። ከታች ሲጀምሩ ዝግባና ወይራ ይቀበሉዎታል። ከፍ ሲሉ ጽድ ይበዛል። ከዚያ ኮሶና አምጃ ይመጣሉ። ጫፉ ላይ አስታ እና ጅብራ ብቻ ይቀራሉ፤ ገደሉ የጭላዳ ነው። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ የመናገሻን ደን ያስተከሉት ከወፍ ዋሻ በመጣ የጽድ ዘር ነው ይባላል። ነገሩ የ15ኛው ክፍለ ዘመን ነው። እንግዲህ ይህ ደን ለሌላው ተራራ ዘር የሚሰጥ ከሆነ ቆይቷል ማለት ነው። ለመናገሻ የሆነ ዘር ዛሬም ለሌላ ራቁት ተራራ ይሆናል።

መስከረም ሲጠባ ደኑ ያምራል። ሁሉም ፎቶ የሚያነሳው ያኔ ነው። መጸውን ስለዚህ ቶሎ ልለፈው። አንድ ነገር ብቻ ልበል። ከጥቅምት ጀምሮ ሰማዩ ሲጠራ ሌሊቱ ይከፋል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ አመዳይ ይጥላል። ሐምሌ ላይ የተተከለ ለጋ ችግኝ የመጀመሪያውን ፈተና የሚቀበለው እዚህ ላይ ነው። ጠዋት ቅጠሉ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ፀሐይ ሲወጣ ይጠቁራል። ትልልቅ ዛፍ ሥር ወይም ቁጥቋጦ ጥግ የተተከለው ግን ብዙ ጊዜ ያመልጣል። ከላይ ያለው ቅርንጫፍ ቅዝቃዜውን ይከላከልለታል። ይህን የአካባቢው ገበሬ ያውቀዋል። ታዲያ ለተከላ ቦታ ሲዘጋጅ ቁጥቋጦው ሁሉ ለምን ይመነጠራል?

በጋው ላይ ቆም ልበል፤ ነገሩ ያለው እዚያ ነውና።

ከጥር በኋላ ወደ ደኑ ይግቡ። አፈሩን ያስተውሉ። ትልቅ ኮሶ ሥር የወደቀውን ቅጠል በእጅ ገለጥ ሲያደርጉት ከታች ያለው አፈር ጥቁርና እርጥብ ነው። ትሉም፣ የፈንገሱ ነጭ ክርም ይታያል። ከደኑ ወጥተው ሃምሳ እርምጃ ያህል ሜዳው ላይ ሲራመዱ መሬቱ ተሰነጣጥቋል። ያው ተራራ፣ ያው ፀሐይ፣ ያው ወር ነው። ልዩነቱ ጥላውና የረገፈው ቅጠል ነው። ጠዋት ጠዋት ከቆላው ጉም ይነሳና ተዳፋቱን ይወጣል። ዝናብ ሳይኖር ደኑ ውስጥ ጠብ ጠብ ይላል። ከቅርንጫፍ የተንጠለጠለው ሽበት የመሰለ ነገር ጉሙን ይይዝና ውሃ አድርጎ ያወርደዋል። ከታች ያለው ምንጭ በመጋቢት የማይደርቀው በዚህ ጉምና ውሃውን በሚጠጣው አፈር ነው። ወደ አዋሽ ተፋሰስ ከሚወርዱት ወንዞች አንዳንዶቹም የሚነሱት ከዚህ ነው።

ደኑ የሚጎዳውም በዚሁ ወቅት ነው። ሜዳው ላይ ሣር ያልቃል። ገበሬው ከብቱን የት ይውሰድ? ደን ውስጥ ነው አረንጓዴ ያለው። ከብት ደግሞ ዘንድሮ የበቀለችውን የወይራ ችግኝ ከሣር አይለያትም። ዛፍ ያልቆረጠ ሰው እንኳ፣ ሳያውቀው፣ የሚቀጥለውን ትውልድ ዛፍ ያስበላል። ለዚህ ነው ብዙ ደኖቻችን ውስጥ ሽማግሌ ዛፎች እንጂ ልጆቻቸው የማይታዩት። ከሩቅ ሲያዩት ደኑ ሙሉ ነው። ጎንበስ ብለው ሲያዩት ግን ተተኪ የለም። በሳተላይት ምስል ይህ አይታይም።

ጽድን እንውሰድ። ወንዱና ሴቷ ዛፍ ለየብቻ ናቸው። ፍሬ የምታፈራው ሴቷ ብቻ ናት። ፍሬዋን ወፎች ይበሉና ዘሩን ይዘው ይሄዳሉ። እንጨቱን ምስጥ ስለማይደፍረው ለቤት ማገርም ለአጥር ችካልም የሚፈለገው እሱ ነው። ቆራጩ ቀጥ ያለውን፣ ጤነኛውን፣ ደልደል ያለውን ይመርጣል። ጎባጣው ይቀራል። እንዲህ ለዘመናት ሲመረጥ ለዘር የሚተርፈው የትኛው እንደሆነ እርስዎ ከእኔ በተሻለ ያውቁታል።

ከዚያ እሳቱ አለ። በ1992 ዓ.ም. የካቲትና መጋቢት ላይ በባሌና በቦረና የተነሳው እሳት ከ100 ሺህ ሄክታር በላይ አቃጥሏል። በ2011 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ደግሞ ሰሜን ተራሮች ነደደ። ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡ። ለመጡት ምስጋና ይገባቸዋል። ግን ልብ ይበሉ፤ ሁለቱም የሆኑት በአንድ ዓይነት ወቅት ነው። በጋው ሲገፋ፣ አስታው ሲደርቅ። አስታ ደግሞ እርጥብ ሆኖም ይነዳል። ወቅቱ በየዓመቱ የሚመጣ ከሆነ ዝግጅቱም በየዓመቱ መሆን አለበት። የእሳት መከላከያ መስመሩ ታኅሣሥ ላይ ይጸዳ። አካፋው፣ የውሃ መርጫው፣ ሬዲዮው ከጥር በፊት ጥበቃዎቹ እጅ ይግባ። የአካባቢው ወጣት ከየካቲት እስከ በልጉ ዝናብ ድረስ ተራ ይጠብቅ፤ ለተራውም አበል ይከፈለው። እሳት ሲነሳ በባዶ እጁና በቅጠል የሚያጠፋው ያው የአካባቢው ሰው ነው። ከአዲስ አበባ እስኪደረስለት ተራራው አልቋል።

በልግ በዚያ ተዳፋት ላይ ትልቅ ነገር ነው። የካቲት መጨረሻና መጋቢት ላይ ዝናቡ ጣል ጣል ሲል አዲስ ቅጠል ይወጣል፣ የበልግ ገብስም ይዘራል። በደህና ዓመት ይህች ዝናብ ችግኙን ከሞት ትመልሰዋለች። ስትቀር ደግሞ ያው ችግኝ ለሰባትና ለስምንት ወር ውሃ ሳያገኝ ይቆያል። ስለዚህ የጸደቀውን መቁጠር ያለብን መስከረም ላይ አይደለም። መስከረም ላይ ሁሉም ይጸድቃል! የመስከረም ቆጠራ የዝናቡን እንጂ የእኛን ሥራ አይለካም። ቆጠራው መጋቢት ላይ ይሁን። እንደገናም በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት መጋቢት። ውጤቱም በወረዳ በወረዳ፣ በዛፍ ዓይነት ተለይቶ ለሕዝብ ይውጣ። ዝቅተኛ ቁጥር የመጣበት ወረዳ አይቀጣ፤ ለምን እንደሆነ ይጠየቅና ይታገዝ። ቅጣት ካለ ቁጥሩ ይዋሻል፤ ይሄ የታወቀ ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልምጣ፤ ብዙ ሰው የማያነሳው ይህ ነውና። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ይጀምራል። ሐምሌ 1 ላይ ክረምቱ ገብቷል፤ ለዚያ ዓመት ተከላ ችግኙ ደርሶ መቆም አለበት። እንግዲህ ችግኝ ጣቢያው ያለው ጊዜ በጀቱ ተለቅቆ እጁ ከገባ በኋላ እስከሚቀጥለው ክረምት የቀሩት ወራት ናቸው። ባህር ዛፍና ዲከረንስ የሚባለው ከውጭ የመጣ የግራር ዓይነት በዚህች ጊዜ ይደርሳሉ። ዝግባ አይደርስም። ወይራም ዘሩ ለመብቀል ይዘገያል። የጥቁር እንጨት ፍሬ ደግሞ ጠባዩ ሌላ ነው። ትኩስ እያለ ካልተዘራ ከጥቂት ጊዜ በኋላ አይበቅልም፤ መጋዘን አስቀምጦ ግዥው ሲፈቀድ መዝራት አይቻልም። ፍሬው የሚደርሰው ሲደርስ ነው። ችግኝ ጣቢያው ውስጥ ያለችው ባለሙያ ይህን ሁሉ ታውቃለች። ዕቅዷ የአንድ ዓመት፣ መለኪያዋ የችግኝ ብዛት ከሆነ ግን ምን ታድርግ? ቶሎ የሚያድገውን ታፈላለች። ስንፍና አይደለም።

ባህር ዛፍን ልረግም አልመጣሁም። በአፄ ምኒልክ ዘመን ገብቶ ለስንቱ ቤት ማገዶና ማገር ሆኗል፤ እሱ ባይኖር ወፍ ዋሻም ዛሬ ላይ ባልደረሰ ነበር። የእርሻ ዳርቻ ላይ ይተከል። የተፈጥሮ ደን ጠርዝ ላይ፣ ምንጭ አጠገብ ግን አይሁን። ለአገር በቀል ዛፎች የሦስት ዓመት በጀት የሚይዙ ችግኝ ጣቢያዎች ይኑሩ። ብዙ አይደሉም የምለው። በየተራራው አንድ ቢኖር፣ ዘሩንም ከዚያው ተራራ ቢለቅም ይበቃል።

ስለ አካባቢው ሕዝብም አንድ ቃል አለኝ። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ኅብረተሰቡ የደን ባለቤት መሆን እንደሚችል አውቆለታል። ጥሩ ሕግ ነው። ከወፍ ዋሻ ብዙም ሳይርቅ፣ መንዝ ጓሳ ላይ፣ ሕዝቡ ለዘመናት «ቄሮ» በሚባል ባህላዊ የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ሣሩንና ማገዶውን ሲጠብቅ ኖሯል። ቦታው ለዓመታት ይዘጋል፤ የሚከፈትበትን ጊዜ ሽማግሌዎቹ ይወስናሉ፤ ከዚያ በፊት ማንም አይነካም። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ተዳከመ። ሕዝቡ ግን በሌላ መልክ አስቀጥሎታል፣ ጓሳም ዛሬ አለ። በወፍ ዋሻ ዙሪያ ያሉ ቀበሌዎችም ደኑን በስማቸው ይዘው የሚያስተዳድሩበት መንገድ ይፋጠን። ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ የሚደረገው ቦታ በእነሱ ምክር ይመረጥ። ከብቱ የማይገባበት ቦታ ሣሩ እየታጨደ ለባለቤቱ ይሰጥ፤ የበጋ መኖ ያገኘ ገበሬ ከብቱን ደን ውስጥ የሚለቅበት ምክንያት ይቀንሳል። ማገዶ ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች ማሳደድም ይቁም። ምሳር የያዘው ነጋዴ ሌላ፣ ደረቅ ጭራሮ የለቀመችው እናት ሌላ። ለሷ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ይድረሳት።

የተከበሩ ዋና ዳይሬክተር፣ በጀት፣ ፖሊሲና ክልል የየራሳቸው በር እንዳላቸው አውቃለሁ፤ ሁሉም በእርስዎ ፊርማ አያልቅም። የመጋቢቱ ቆጠራ ግን በመሥሪያ ቤትዎ መመሪያ ሊጀመር ይችላል ብዬ አምናለሁ። ወፍ ዋሻ ላይ ይጀመር። ዘንድሮ ክረምት በደኑ ጠርዝ የሚተከለው እያንዳንዱ ችግኝ በዓይነትና በቦታ ይመዝገብ፤ በሚመጣው መጋቢት ስንቱ እንደቆመ ይፋ ይሁን። ቆጣሪ ካነሰ እኔን መሰል ፈቃደኞች አለን። ከትምህርት ቤት ተማሪዎችም ጋር ሆነን እንወጣለን፤ መመዝገቢያ ቅጹንና ፈቃዱን ይስጡን።

መልስዎን በአክብሮት እጠብቃለሁ።

አንድ የወፍ ዋሻ ደን ወዳጅ