ለእማዬ፣ ጅማ፤ ደብተሩ ላይ ምን ይጻፍ

ለምወድሽ እማዬ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ክረምቱ ሲወጣ ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? እዚህ ሁላችንም ደህና ነን።

መጋዘን ውስጥ ቡና የሚለቅሙት፣ ማለትም መጥፎውን ፍሬ ከጥሩው የሚለዩት ሴቶች «የምንሠራውና የሚከፈለን አይገናኝም፤ ልጅሽ የሠራተኛ ማኅበር ጥናት አይደል የምትሠራው፣ ጠይቂልን» ብለው አንቺ ዘንድ መምጣታቸውን ከነገርሽኝ ጀምሮ ነገሩ ከልቤ አልወጣም። የእድሩን ደብተር ስትይዢ ሳንቲም ጎድሎብሽ እንደማያውቅ ስለሚያውቁ ነው የመጡት። እንዴት እንደሚቆጠር ልጻፍልሽ፤ በስልክ ቢነገር ግማሹ ይጠፋል።

ከሁሉ በፊት፣ ለቀማውን ትተው ለሥራ ዓረብ አገር የሄዱትን በሌላ ደብተር እንዳትጽፊያቸው። ብዙ ጥናት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ደመወዝ የሚያጠናው ሥራ ላይ ያሉትን ይጠይቃል፣ ስደት የሚያጠናው ተመላሾቹን ይጠይቃል፣ ሁለቱ ወረቀቶች አይገናኙም። ሰዎቹ ግን አንድ ናቸው። ኅዳር ላይ ቡና ስትለቅም የነበረች ልጅ ሚያዝያ ላይ ፓስፖርት ስታወጣ በመጋዘኑ መዝገብ «ለቃለች» ተብላ ትዘጋለች። የቀሩትን ብቻ ከጠየቅሽ ክፍያው ያንገሸገሻቸው ከቁጥሩ ወጥተዋል፤ ደመወዙም ከእውነቱ የተሻለ መስሎ ይታያል። የሄዱትን ልጆች እናቶች ደግሞ አንቺ በየደጃቸው ታውቂያቸዋለሽ። እኛ ከአዲስ አበባ መጥተን ሁለት ሳምንት ብንከርም ይህን አናገኘውም።

አሁን ወደ አጠያየቁ። «በወር ስንት ታገኛለሽ?» አትበዪ። አንዷ ጥሩ የነበረውን ወር ትነግርሻለች፣ አንዷ መነሻ ደመወዙን፣ ሌላዋ የምሳና የትራንስፖርቱን ደምራ ትነግርሻለች። ይልቅ ያለፈውን ሳምንት ከሰኞ ጀምረሽ በየቀኑ አስቆጥሪያት፦ ስንት ሰዓት ገባሽ፣ ስንት ሰዓት ወጣሽ፣ ስንት ኪሎ ተመዘነልሽ፣ ስንቱ «እንደገና ይለቀም» ተብሎ ተመለሰ፣ ቡና ሳይቀርብ ስንት ሰዓት ቁጭ አልሽ። በኪሎ ለምትሠራ ሴት ገንዘቡ የሚያልቀው በእነዚህ በመጨረሻዎቹ ሁለቱ ውስጥ ነው። የተመለሰው ኬሻ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ሲለቀም አንድ ሥራ በአንድ ዋጋ ሁለት ጊዜ ተሠራ ማለት ነው።

ክፍያው በገባው ኬሻ ነው ወይስ በጸዳው ኪሎ? ይህን ሳትጠይቂ አትለፊ። ጥቁርና የተሰባበረ ፍሬ የበዛበት ቡና ሲመጣ እጅ ይይዛል። ክፍያው በጸዳው ኪሎ ከሆነ ሴቲቱ በሁለት በኩል ትጎዳለች፤ ሰዓቱ ይረዝምባታል፣ የሚመዘንላትም ያንሳል። ከአንድ ሳምንት ጥሩ ቡና ብቻ የተወሰደ ቁጥር ይህን ይደብቃል፤ ስለዚህ የቡናውን ዓይነት ከኪሎው ጎን በአንድ ቃል ጻፊ፣ «ጥሩ» ወይም «ጥቁር የበዛበት» ብትዪ ይበቃል። ሚዛኑን የሚጠራጠሩ ከሆነ ጭቅጭቅ ሳያነሱ ማረጋገጥ ይችላሉ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። ባዶ ጀሪካን መዝነው 20 ሊትር ውሃ ሞልተው ዳግም ቢመዝኑት ልዩነቱ 20 ኪሎ መሆን አለበት። ይህን ካቦው ባለበት፣ ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ያድርጉት። የባዶ ኬሻው ክብደትም ተቀንሶ እንደሆነና ስንት እንደተቀነሰ ይጻፍ።

ሰዓቱ ላይ ተጠንቀቂ። ሴቶቹ የሚቆጥሩት በእኛ ሰዓት ነው፤ የመግቢያ መውጫ ካርድ ያለበት ቦታ ግን ማሽኑ የሚያትመው በፈረንጅ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ገብታ ካርዷ ላይ መውጫ 7:00 ተብሎ የታተመላት ልጅ የወጣችው ማታ 1 ሰዓት ነው። እንዳየሽው 7 ሰዓት ብለሽ ከጻፍሽ ግን የምሳው አንድ ሰዓት ተቀንሶ እንኳ ሁለት ሰዓት ትርፍ የሠራችው ልጅ በምሳ ሰዓት ቤቷ የገባች ሆና ትቀራለች። በዚህ ምክንያት ብቻ ጥሩ ጥናት ድርድር ላይ ሲወድቅ ይታያል፤ አሠሪው አንድ የተሳሳተ መስመር ካገኘ ሙሉውን ወረቀት ይጥለዋል። ወሩንም «የመስከረም» ብለሽ አትለፊ። አንዳንዱ ድርጅት በፈረንጅ ወር ይከፍላል፣ ጳጉሜንም በየቦታው የሚቆጠረው አንድ ዓይነት አይደለም። ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደሆነ ቀኑን ራሱን ጻፊ።

በወር ደመወዝ ለሚሠሩት ስሌቱ ይህን ይመስላል። መነሻዋ ለምሳሌ 2,080 ብር ቢሆን፣ 26 ቀን በ8 ሰዓት 208 ሰዓት ነው፤ በሰዓት 10 ብር ይመጣል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ላይ ያቆመዋል። ከዚያ በላይ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለሚሠራ አንድ ጊዜ ተኩል ይከፈላል፤ በዚህ ምሳሌ 15 ብር። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 17 ብር ከ50፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን 20፣ በበዓል ቀን 25 ብር። ትርፉም ቢሆን በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም።

የደመወዝ ወረቀቷን ስታዪ ግን መነሻውንና ጠቅላላውን ለይተሽ ጻፊ። በሕጉ አበልና ቦነስ ደመወዝ አይባሉም። አሠሪው መነሻውን ዝቅ አድርጎ «ሙሉ ቀን የተገኘች» የሚለውን ቦነስ ከፍ ሲያደርግ ጠቅላላው ያው ይመስላል፤ የትርፍ ሰዓቱ፣ የሥራ ስንብቱ፣ ከሠራተኛዋ 7 ከአሠሪው 11 በመቶ የሚገባው ጡረታ ግን የሚሰላው ከትንሿ መነሻ ነው። አንድ ቀን ልጇ ታሞ የቀረች እናት ደግሞ የዚያን ቀን ብቻ ሳይሆን የወሩን ቦነስ ሙሉ ታጣለች። ስለዚህ «ባለፉት ሦስት ወራት ስንት ቀን ቀረሽ፣ ስንት ብር ጎደለብሽ?» የሚለውን ጨምሪ።

ሌላ ሰው ሊሠራልሽ የማይችለው ደግሞ የኑሮው ዋጋ ነው። ሐሙስ ሂርማታ ገበያ ስትወርጂ ዋጋውን ሴቶቹ በሚገዙበት መጠን ውሰጂ። ዘይት በ5 ሊትር ጀሪካን የሚገዛና በሲኒ እያስቀዳ የሚገዛ ሰው አንድ ዋጋ አይከፍሉም፤ በሲኒ የሚገዛው ለሊትሩ የበለጠ ይከፍላል። ሽንኩርት በኪሎ ሳይሆን በመደብ፣ በቆሎ በጣሳ ከሆነ የሚገዙት እንዲያው ጻፊው፣ ከዚያ አንዱን መደብ፣ አንዱን ጣሳ በኪሎ አስመዝኝው። በኩንታል ዋጋ የተሠራ ሒሳብ ድሃውን ሀብታም ያደርገዋል። የቤት ኪራይና የባጃጅ ደርሶ መልስ አይርሱሽ። አዋጁ ዝቅተኛ ደመወዝን በየጊዜው የሚከልስ የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ይላል እንጂ በራሱ የጻፈው የብር መጠን የለም። ማኅበር ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ይህን ያህል ያስፈልገናል የሚልበት ማስረጃ እንግዲህ ይኸው የሐሙስ ገበያ ዝርዝር ነው።

ወደ ሄዱት ልንመለስ። እናቶቹን «ስንት ይከፈላታል?» ብትያቸው የሚነግሩሽ የላከችውን ነው። የተከፈላትና የላከችው ለየብቻ ይጻፉ፤ ያልተከፈለባት ወር ካለም እንዲሁ። «ደላላው ስንት ወሰደ?» ካልሽም መልስ አታገኚም፣ ብዙ ጊዜ ደላላው አጎት ወይም ጎረቤት ነውና። «ገንዘቡን ማን ተቀበለ? ከየት መጣ?» በዪ። ከእቁብ ነው፣ ላም ተሽጦ ነው፣ ወይስ በብድር? በሕጋዊ መንገድ ከሄደች የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ቪዛን፣ የደርሶ መልስ ትኬትን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድን፣ ኢንሹራንስን በአሠሪው ላይ ነው የጣለው። እሷ የምትከፍለው እንደ ፓስፖርት፣ የልደት ማስረጃና የሕክምና ምርመራ ያለውን ነው። ቤተሰቡ ለትኬት ከፍሎ ከተገኘ በቀይ አስምሪበት። ይህን ስትጠይቂ ወንድም ወይም ባል አጠገብ ባይኖር ይሻላል፤ የላከችው ብር በማን ስም እንደሚገባ የምትጠይቂው እዚያ ላይ ነው።

ከዚያ የቡናውንና የዓረብ አገሩን ክፍያ በሰዓት አውጪያቸው። ኳታር እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2021 ጀምሮ የቤት ሠራተኞችን ጨምሮ ዝቅተኛውን ደመወዝ 1,000 ሪያል አድርጋለች። በቀን 15 ሰዓት፣ ወሩን ሙሉ 30 ቀን የምትሠራ ልጅ 450 ሰዓት ትሠራለች፤ በሰዓት 2 ሪያል ከ20 ግድም ነው። ለመሄድ የወጣውን በየወሩ ለምትልከው አካፍዪው፤ ዕዳው የሚያልቅበትን ወር ይሰጥሻል። እስከዚያ ወር ድረስ የሠራችው ለአበዳሪው ነው። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ቡና ስትለቅም ካገኘችው ጎን በአንድ ገጽ ሲቀመጡ «ለምን ይሄዳሉ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ያለማንም ስብከት ይታያል። መከልከል ብቻውን እንደማያቆመው በ2006 ዓ.ም. አይተናል። በጥቅምት ጉዞው ታገደ፣ በኅዳር ሳዑዲ ማባረር ጀምራ ከ160,000 በላይ ሰው ተመለሰ፤ እገዳው በ2010 እስኪነሳ ግን ልጆቹ በየመን በኩልም በደላላም መሄዳቸውን አላቆሙም። የቢሮ መዝገብ ላይ ቁጥሩ ቀነሰ፣ መንገዱ ላይ አልቀነሰም።

እዚያው ጅማ በሰው ቤት የሚሠሩትንም ጻፊያቸው። ብዙዎቹ ወደ ዓረብ አገር የሚነሱት ከዚያ ነው። አዋጅ 1156 እነሱን ለብቻው ለሚወጣ ደንብ ትቷቸዋል፤ ይህ ነገር ሁልጊዜ ያንገበግበኛል።

ስም አትጻፊ። «ሀ1፣ ሀ2» እያልሽ ቀጥዪ፤ የማን ማን እንደሆነች የሚያሳየው ዝርዝር በሌላ ወረቀት፣ ሣጥንሽ ውስጥ ይሁን። የደመወዝ ወረቀት ፎቶ ሲነሳ ስሟና የመለያ ቁጥሯ በጣት ይሸፈን። መጋዘን ደጃፍ ላይ አትጠይቂ፣ ካቦው የሚያመጣልሽንም አትቀበዪ፤ እሑድ ከሰዓት ቤታቸው ሂጂ። ሃያ ሴት በደንብ ከተጠየቀች ከመቶ ሩጫ ይሻላል።

ሴቶቹ ዛሬውኑ ማወቅ ያለባቸው ነገርም አለ፣ ሳይውል ሳያድር ንገሪያቸው። ያልተከፈለ ደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ያለአግባብ ተባርሬያለሁና ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል ክስ ደግሞ በ3 ወር። ያለፈው ወቅት ገንዘብ ያለባቸው ቀኑን አሁን ይቁጠሩ። በየዓመቱ ቡና ሲደርስ የሚመለሱትን «ሙከራ ላይ ናችሁ» ማለት አይቻልም፤ ለዚያው አሠሪ ለዚያው ሥራ ዳግም የተቀጠረችን አዋጁ ለሙከራ አያስገዛትም። 10 ሠራተኛ ካለ ማኅበር ማቋቋም ይቻላል፤ መጋዘኑ ትንሽ ከሆነ ከሌሎቹ ጋር ጠቅላላ ማኅበር ይሆናል። የማኅበር አባል መሆን የማባረሪያ ምክንያት አይደለም። ማኅበሩ ለድርድር በጽሑፍ ሲጠራ አሠሪው በ10 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት። ደብተርሽ የሚያስፈልገው በዚያ ቀን ነው።

በመጀመሪያው እሑድ አራት ሴት ብቻ ጠይቂና ገጾቹን በታናሼ ስልክ አስነስተሽ ላኪልኝ። ያልገባውን ጥያቄ አስተካክለን ለቀሪዎቹ እንቀጥላለን። ቡናው ኅዳር ላይ ሲበዛ ሴቶቹ ጊዜ ስለማይኖራቸው ከዚያ በፊት ቢሆን ጥሩ ነው። የጉልበት መድኃኒትሽን በመንገደኛ ልኬያለሁ፤ ጠዋት ከምግብ በኋላ ነው የሚወሰደው።

የምትናፍቅሽ ልጅሽ