ላፕቶፕ ከመግዛታችሁ በፊት፦ ስለ ዲጂታል ሥዕልና ስለ ኮምፒውተር ራም ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

ውድ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

የዲጂታል ሥዕል ትምህርት ከጀመርን ወዲህ ቢሮዬ ብቅ የሚል ወላጅ አንድ ጥያቄ አያጣም። «ልጄ ሶፍትዌሩ ስታክ አደረገብኝ ይላል። አዲስ ላፕቶፕ ካልተገዛልኝ የቤት ሥራዬን አልሠራም ብሏል። ምን ይሻላል?» ለእያንዳንዳችሁ ለየብቻ ከምመልስ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው። አጭሩ መልስ፦ ቆዩ፣ አትግዙ። መጀመሪያ የሥዕሉን ስፋትና የሶፍትዌሩን ሴቲንግ እንይ።

ከቃሉ ልጀምር። «ሚሞሪ» ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ስልክ ውስጥ የምትገባዋ ካርድ ናት። አንድ አባት ልጃቸው «ሚሞሪ አነሰኝ» ስትላቸው ባለ 64 ጊጋባይት ፍላሽ ገዝተው ላኩላት። አልፈርድባቸውም፤ ሁለቱም የሚለኩት በጊጋባይት ነው። ፍላሽና ሃርድ ዲስክ ግን ያለቀ ሥራ ማስቀመጫ ናቸው። እኛ የምናወራው ስለ ራም ነው፤ ልጁ በዚች ደቂቃ የሚሥለው ነገር ተዘርግቶ የሚቀመጥበት ቦታ። ኮምፒውተሩ ሲጠፋ እዚያ ላይ ያለው ሁሉ አብሮ ይጠፋል።

«ፋይሉ እኮ 3 ሜጋባይት ብቻ ነው፣ ምን ይከብደዋል?» ያሉኝም አሉ። ፋይሉ ዲስክ ላይ ሲቀመጥ ተጨምቆ ነው። ሲከፈት ግን ይዘረጋል። ሥዕል የነጥቦች ክምር ነው፤ እያንዳንዱ ነጥብ፣ ፒክስል የሚባለው፣ እንደተለመደው ከሆነ ራም ላይ 4 ባይት ይወስዳል። አንዱ ለቀይ፣ አንዱ ለአረንጓዴ፣ አንዱ ለሰማያዊ፣ አንዱ ግልጽነቱን ለመያዝ። በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ጥራት የሚታተም የኤ4 ገጽ 2,480 በ3,508 ፒክስል ነው። ብታባዙት 8.7 ሚሊዮን ፒክስል ገደማ ይሆናል፣ ማለትም ወደ 35 ሜጋባይት። ይህ እንግዲህ ሙሉ በሙሉ የተቀባ አንድ ሌየር ብቻ ነው፤ ሌየር ማለት አንዱ በአንዱ ላይ እንደሚደረብ ግልጽ ወረቀት ያለ የሥዕል ንብርብር ነው። ልጆቻችን ደግሞ በአንድ ሌየር አይሥሉም። ለንድፉ አንድ፣ ለቀለሙ አንድ፣ ለጥላው አንድ እያሉ ይደራርባሉ።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። አንዲት ተማሪያችን ለመጨረሻ ሥራዋ 10,000 በ10,000 ፒክስል የሆነ ካንቫስ፣ ማለትም የሥዕል ገጽ፣ ከፈተች። ለምን ብዬ ስጠይቃት «ጥራት እንዲኖረው» አለችኝ። ሒሳቡን አብረን ሠራነው፦ 100 ሚሊዮን ፒክስል፣ ለአንድ ሌየር 400 ሜጋባይት። እሷ 15 ሌየር አላት፣ ሁሉም ጫፍ እስከ ጫፍ የተቀቡ። 6 ጊጋባይት! ኮምፒውተሩ ያለው ጠቅላላ ራም 8 ነው።

ይሄኔ አስተዋይ ሰው ካንቫሱን ያሳንሳል። እኔ ግን ሴቲንግ ውስጥ ገባሁና ሶፍትዌሩ እንዲጠቀም የተፈቀደለትን የራም መጠን እስከ ጫፍ ጎተትኩት። ብዙ ከሰጠሁት ይፈጥናል ብዬ ነዋ! ሶፍትዌሩን ዘግተን ከፈትነው። ለአምስት ደቂቃ ያህል ሸጋ ነበር። ከዚያ የማውሱ ቀስት ደረቀ። የዲስኩ መብራት ሳያቋርጥ ይብለጨለጫል፣ ስክሪኑ ላይ ግን የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። በመጨረሻ የማብሪያውን ቁልፍ ተጭኜ አጠፋሁት። የልጅቷ የሁለት ሰዓት ሥራ ጠፋ። በየጊዜው በራሱ ሴቭ የሚያደርገውን ነገር ቀደም ብላ አጥፍታው ነበር፤ ሥዕሉ ከባድ ስለሆነ ሴቭ ባደረገ ቁጥር እየቆመ አሰልችቷት ነው። ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ ወላጆቿንም እዚህ ላይ በድጋሚ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ምን ሆነ? ራሙን የሚፈልገው የሥዕል ሶፍትዌሩ ብቻ አይደለም። ዊንዶውስ ራሱ ድርሻ አለው። ኋላ የተከፈተው ብራውዘርም አለ። ብዙ ላፕቶፖች የተለየ የግራፊክስ ካርድ ስለሌላቸው ስክሪኑን የሚሥለው ክፍልም ከዚያው ራም ይቆነጥራል። እኔ ሁሉንም ለአንዱ ስሰጥ ዊንዶውስ የራሱን ጓዝ ወደ ዲስክ ማሸሽ ጀመረ። ዲስክ ደግሞ ከራም ጋር ሲወዳደር ኤሊ ነው።

ስለዚህ ቤት ውስጥ እንዲህ አድርጉ። ልጆቻችን የሚጠቀሙት ክሪታን ነው፤ በነፃ የሚገኝ ነው። «ሴቲንግስ» የሚለው ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ «ኮንፊገር ክሪታ»ን፣ ከዚያ «ፐርፎርማንስ»ን ክፈቱ። «ሚሞሪ ሊሚት» የሚል ታገኛላችሁ። ማንም ካልነካካው የኮምፒውተሩን ራም ግማሽ ላይ ነው ያለው። 8 ጊጋባይት ላለው ማሽን እዚያው ተዉት። 16 ካለው ትንሽ ከፍ ቢል ችግር የለውም። የቀየራችሁት ነገር የሚሠራው ክሪታን ዘግታችሁ ስትከፍቱት ነው። ፎቶሾፕ ያላቸው ልጆችም አሉ፤ እሱ ሳይነካ ሲቀር 70 በመቶ ላይ ይቆማል። ያንንም ባትነኩት ይሻላል።

እዚያው የክሪታ ገጽ ላይ ሶፍትዌሩ ከገደቡ ያለፈውን ሥራ የሚያዛውርበት የዲስክ ቦታ ይታያል። ኤስኤስዲ የሚባለው ፈጣን ዲስክ ካላችሁ እሱ ላይ ይሁን፤ በቂ ባዶ ቦታም ይኑረው። ያቺን 64 ጊጋባይት ፍላሽ እዚህ እንዳታስገቧት። የባሰ ትንቀራፈፋለች።

ሌላው ራም በሊታ «አንዱ» (Undo) የሚባለው ነው፤ የተሳሳተውን ወደኋላ መመለሻው። ልጁ መቶ እርምጃ ወደኋላ መመለስ እንዲችል ሶፍትዌሩ በየእርምጃው የተቀየረውን የሥዕል ክፍል ይይዝለታል። ትልቅ ቦታ የሚሸፍን ብራሽ ከሆነ ደግሞ የሚያዘው ብዙ ነው። 30 እርምጃ ለተማሪ ይበቃል ባይ ነኝ። ልጄ ግን በዚህ ከእኔ ጋር አይስማማም።

ከሁሉም ሴቲንግ በላይ የሚጠቅመው ግን ካንቫሱን መመጠን ነው። ጎንና ቁመቱን በግማሽ ስትቀንሱ ሸክሙ ወደ ሩብ ይወርዳል። የዚያች ልጅ ሥራ 5,000 በ5,000 ቢሆን ኖሮ 15ቱ ሌየሮች አንድ ላይ 1.5 ጊጋባይት ይሆኑ ነበር። ያ ማሽን ሳያስነጥስ ይሸከመዋል። ለክፍል ሥራ የምንፈልገው በኤ4 የሚታተም ነው፤ ከላይ የጠቀስኩት 2,480 በ3,508 ከበቂ በላይ ነው። ባለ 4 ጊጋባይት ላፕቶፕ የያዘ ልጅ በግማሽ ገጽ ይሥል፤ ለኤ5 1,748 በ2,480 ነው። መምህራኑ ነጥብ አይቀንሱበትም፣ ነግሬያቸዋለሁ። አዲስ ሥዕል ሲከፈት «16 ቢት» የሚል ምርጫም አለ፤ ለእያንዳንዱ ቀለም የሚያዘው ቦታ ነው። ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ ልጆች ይወዱታል። የራም ሸክሙን እጥፍ ያደርገዋል፤ ለእኛ ሥራ 8 ቢት ይበቃል። ክሪታ ከታች ባለው መስመር ላይ ሥዕሉ ምን ያህል ራም እንደያዘ ያሳያል። ልጃችሁ ያንን ቁጥር አልፎ አልፎ ቃኘት ያድርግ።

አሁን ገንዘብ ሊያድናችሁ ወደሚችለው ነገር ልግባ። መንቀራፈፍ ሁሉ የራም ችግር አይደለም። እንዲህ ፈትኑት። ልጁ አዲስ፣ ባዶ፣ በኤ4 መጠን የሆነ ካንቫስ ይክፈትና አንድ ሌየር ላይ በትንሽ ብራሽ ይጫር። ጥሩ ከሄደለትና የሚደክመው ሌየር ሲደራረብ ብቻ ከሆነ ራም ነው። በትንሽ ብራሽ ሮጦ በትልቅ ብራሽ ከተጎተተ ግን ፕሮሰሰሩ፣ ስሌቱን የሚሠራው ክፍል፣ ነው የደከመው። የብራሹ ስፋት ከ100 ፒክስል ወደ 1,000 ሲያድግ በአንድ ነካ የሚሸፍነው ቦታ 100 እጥፍ ይሆናል። እዚያ ላይ ራም ብትጨምሩ ውኃ መውቀጥ ነው። የብራሹን መጠን ይቀንስ፣ ወይም «ኢንስታንት ፕሪቪው» የሚባለውን፣ ለጊዜው በዝቅተኛ ጥራት ቶሎ የሚያሳየውን፣ ያብራ።

ሦስተኛም አለ፣ ይሄኛው አስቆኛል። አንዲት እናት መስመሩ ከብዕሩ ኋላ እየተጎተተ ነው ስለተባለ ላፕቶፕ ቀየሩ። አዲሱም ላይ ያው ሆነ። ልጁ ከጓደኛው የተቀበለውን ሴቲንግ ይዞ ነው ወደ አዲሱ የተሻገረው። «ስታቢላይዘር» በርቶ ነበር። እሱ የእጅን መንቀጥቀጥ ለማለስለስ መስመሩን ሆን ብሎ ያዘገየዋል። አንድ ጊዜ ተጭነው ሲያጠፉት ችግሩ አበቃ።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልሆነ፣ ራም መጨመር ከላፕቶፕ መቀየር ይቀላል። ግን ከመግዛታችሁ በፊት ማሽኑ ይከፈትና ይታይ። አንዳንዱ ላፕቶፕ ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ አይጨመርበትም። የራም ዓይነቱም ይለያያል፤ ዲዲአር4 የሚወስደው ቦታ ላይ ዲዲአር5 አይገባም። የዴስክቶፕ ራምም ለላፕቶፕ አይሆንም።

ራሳችሁ ለመነካካት ካልደፈራችሁ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ የኮምፒውተር ክፍሉ ክፍት ነው። የአይሲቲ መምህራችን አብረው ያዩላችኋል፤ እኔም እኖራለሁ፣ ግን ሴቲንግ እንዳልነካ ተከልክያለሁ። ልጆቹ ሥራቸውን አስቀድመው ፍላሽ ላይ ገልብጠው ይምጡ። ቻርጀር አብራችሁ ላኩ፤ ባለፈው ሐሙስ ሦስት ላፕቶፖች ያለ ቻርጀር መጥተው ሳይታዩ ተመልሰዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር