ግጉን አታስነቅዪ

ውድ ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ሱሉልታዎች ከብርዱ በስተቀር ደህና ነን።

የነገርሽኝ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። በስልክ ቁጣዬ ይቀድመኛልና መጻፉን መረጥሁ። ልጁን ተቅማጥ ስለያዘው የኮዬ ፈጬ ጎረቤቶችሽ «ግግ ነው፣ ይነቀልለት» ብለውሻል። ድዱ ላይ ነጣ ያለ እብጠት አይተው ነው አይደል? እሱ ትልም በሽታም አይደለም፤ ገና ያልወጣ የክራንቻ ጥርሱ ነው።

ባዮሎጂ ሳስተምር የኖርሁ ሰው ነኝና ታገሺኝ። የጥርስ ሥራ የሚጀምረው ፅንሱ ስድስት ሳምንት ገደማ ሲሞላው ነው። በጥርሱ ቡቃያ ውስጥ የትኛው ሕዋስ ይኑር፣ የትኛው ይሙት በሚለው ላይ የሚከራከሩ ፕሮቲኖች አሉ፤ ቢሲኤል-2 ሕዋሱን ከሞት ይጠብቀዋል፣ ዘመዱ ባክስ ደግሞ ወደ ሞት ይገፋዋል። ቢሲኤል-2 የተገኘው በሊምፎማ ካንሰር ጥናት ነው፤ ሕዋስን ከማባዛት ይልቅ ከሞት እንደሚያተርፍ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1988 ነበር። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የኢናሜል (የጥርስ ጠንካራ የላይኛው ሽፋን) ቋጠሮ የሚባለው ጥቂት የሕዋሳት ክምችት ነው። እንደ ኮንዶሚኒየም ግንባታ ፎርማን ራሱ ድንጋይ አያነሳም፤ እርሱ ሳይባዛ ዙሪያውን ያሉትን በኬሚካል መልእክት እያዘዘ ያባዛቸዋል፣ ለጥርሱም ቅርጽ ያስይዛል። ሥራው ሲያልቅ አብዛኛው በታዘዘለት ሞት ይጠፋል። ኢናሜሉን የሠሩት ሕዋሳትም ጥርሱ ሲወጣ ያልቃሉ፤ የተጎዳ ኢናሜል መልሶ የማይበቅለው ለዚህ ነው።

ይህን ሁሉ በምላጭ ጫፍ ፈልቅቀው ሊያወጡት ነው! ከጎኑ ያለው የቋሚው ጥርስ ቡቃያም አብሮ ሊበላሽ ይችላል። ደም መፍሰሱንና ቴታነሱን ሳልቆጥር ነው።

ጎረቤቶችሽን አትቀየሚያቸው፤ ድዱ የሚያብጠውና ልጅ መሬት እየዳኸ ያገኘውን ሁሉ አፉ የሚከተው በአንድ ሰሞን ስለሆነ ነው ጥፋቱ በጥርሱ ላይ የሚወድቀው። አማትሽ ከተቆጡ ስልኩን ስጫቸው፣ እኔ አነጋግራቸዋለሁ።

ጡት አታቋርጪበት። ከጤና ጣቢያ ኦአርኤስና ዚንክ ተቀበዪ፤ ኦአርኤሱን በፓኬቱ ላይ በተጻፈው መጠን፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በጥብጪ። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጥባት እምቢ ካለ ወይም ሰገራው ደም ከቀላቀለ ግን ሌሊትም ቢሆን ሳትውዪ ሳታድሪ ወደ ሐኪም ውሰጅው።

አባትሽ