ኤሊየን ቢገኝ ክርስትና ያበቃለታል እንዴ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው እትማችሁ ላይ ያወጣችሁትን፣ ከምድር ውጭ አስተዋይ ፍጡር የተገኘ ቀን ክርስትና ያበቃለታል የሚለውን ጽሑፍ አነበብኩት። ጸሐፊው ብዕሩ ጥሩ ነው አልክድም፣ ግን ክርስቲያኖች ስለ ኤሊየን የሰማነው ትናንት ማታ ከዩቲዩብ እንደሆነ አድርጎ ማቅረቡ አናዶኛል። ደግሞም ከባዱን ጥያቄ ትቶ ቀላሉን ነው የያዘው።

እስቲ ከታሪኩ ልጀምር። በ1277 (አመተ ምህረቱን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) የፓሪሱ ጳጳስ ኤቲየን ታምፒየ 219 ሀሳቦችን ሲያወግዙ ከነዛ ውስጥ አንዱ እግዚአብሔር ከአንድ በላይ አለም መፍጠር አይችልም የሚለው ነበር። ሀሳቡ የአርስቶትል ነው፣ ያኔ ዩኒቨርስቲ ውስጥ አርስቶትል ካለ አለቀ ደቀቀ ነበር፣ ጳጳሱ ግን ኧረ እግዚአብሔርን አትገድቡት ነው ያሉት። በ1440 ደግሞ ጀርመናዊው የሃይማኖት ሊቅ ኒኮላስ ዘኩሳ በሌሎች ከዋክብትም ላይ ነዋሪ ሊኖር ይችላል ብሎ ጻፈ፣ ማንም አልነካውም፣ እንዲያውም በኋላ ካርዲናል ሆነ። አለማት ብዙ ናቸው ያለው ጣሊያናዊው ፈላስፋ ብሩኖ በ1600 ሮም ላይ ተቃጥሎ የለ የሚል እንዳለ አውቃለሁ። አዎ ተቃጥሏል፣ ሰው ማቃጠል ደግሞ በምንም አይታጠብም፣ ግን ክሱ ላይ የአለማት ብዛት ብቻ ሳይሆን ሥላሴንና የክርስቶስን አምላክነት የነካ ብዙ ነገር ነበረበት፣ ስለዚህ ስለ ኤሊየን ስላወራ ብቻ ተገደለ ማለት ታሪኩን መቁረጥ ነው።

ጸሐፊው የቆመው ቁጥር ላይ ነው። ከ1995 ጀምሮ፣ የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎቹ ሜየርና ኬሎ ፀሐይን በመሰለ ኮከብ ዙሪያ የሚዞር ፕላኔት ካገኙ ወዲህ፣ ከ5,000 በላይ ፕላኔቶች ተረጋግጠዋል፣ ስለዚህ ምድር ምንም ናት፣ ስለዚህ ሰው ምንም ነው ይላል። እሺ ግን ዳዊት ቴሌስኮፕ ሳይኖረው ሰማዩን አይቶ "ሰው ምንድን ነው" ብሎ ጠይቆ የለም እንዴ? መዝሙር 8 ላይ አለ። ትንሽ መሆናችን ለአማኝ አዲስ ዜና አይደለም።

ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው፣ መስቀሉ ነው። ቶማስ ፔይን በ1794 ይህችን ነጥብ አግኝቷታል፣ እሱ የክርስትና ተቃዋሚ ነው ግን የት እንደሚያም ያውቃል፦ አለማት ብዙ ከሆኑ የእግዚአብሔር ልጅ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተዘዋወረ መሞት ሊሆን ነው ስራው ብሎ አሾፈ። ፌዝ ነው ግን ጥያቄው ፌዝ አይደለም። ዕብራውያን ክርስቶስ አንድ ጊዜ ተሰዋ ይላል፣ አንድ ጊዜ፣ ደግሞ አይሞትም። የሉተር ወዳጅ ሜላንክቶን በዚችው ምክንያት ሌሎች አለማት የሉም ብሎ ተከራክሯል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው የፍራንሲስካን መነኩሴው ቮሪሎንግ ግን ቀድሞ ሌላ መልስ ሰጥቶ ነበር፦ ሌላ አለም ላይ ያሉት ከአዳም ስላልተወለዱ የአዳም ኃጢአት የለባቸውም፣ ማዳን ካስፈለገም እዚህች ምድር ላይ የሞተው ሞት ለእነሱም ይበቃል፣ እዛ ሄዶ እንደገና መሞት አይገባውም። እኔ ከቮሪሎንግ ጋር ነኝ። ቆላስይስ 1፥20 በመስቀሉ ደም የሚታረቀው በምድርም በሰማያትም ያለው ሁሉ ነው ካለ ወሰኑን እኔ የማሰምረው ማን ሆኜ ነው?

ደግሞ ጸሐፊው ጭራሽ የረሳው ነገር አለ። ክርስትና መቼ ነው ሰው ብቻውን አስተዋይ ፍጡር ነው ያለው? መላእክትስ? ሰው ያልሆኑ፣ የሚያስቡ፣ የሚመርጡ፣ ከፊሎቹም የወደቁ፣ ዕብራውያን 2፥16 ደግሞ ክርስቶስ የያዘው የአብርሃምን ዘር እንጂ የመላእክትን አይደለም ይላል። ማለትም አስተዋይ የሆነ ሁሉ ከእግዚአብሔር ጋር ያለው ጉዳይ እንደኛው ነው የሚል ህግ የለንም። (ዩፎ ሁሉ ሰይጣን ነው ለሚሉት ወገኖቼም ይሄው ይበቃል፣ ያላየነውን ሁሉ ሰይጣን ማለት እውቀት አይደለም።)

ወገኖቼን ካነሳሁ አይቀር በራሳችንም ላይ አንድ ነገር ልበል። ቅዱስ አውግስጢኖስ ከምድር ወዲያኛው ገጽ ሰው ይኖራል የሚለውን አልተቀበለም፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ ከአዳም ነው፣ ያንን ውቅያኖስ ደግሞ ማን ይሻገረዋል? ሎጂኩ አይከፋም፣ ግን ወዲያኛው ገጽ ላይ ሰው ነበረ። አውሮፓውያን አሜሪካ ሲደርሱም እነዚህ ሰዎች ናቸው ወይ እስኪባል ተደርሶ የሮማው ጳጳስ ጳውሎስ 3ኛ በ1537 አዎ ሰዎች ናቸው ብለው ማወጅ ነበረባቸው። ስለዚህ ትምህርታችን ውስጥ ቦታ ስላላገኘንላቸው የሉም ማለት አያዋጣም። በተቃራኒው ደግሞ "ሌሎች በጎች አሉኝ" የምትለዋን ጥቅስ ይዘው ይኸው ኤሊየን የሚሉ አሉ፣ እባካችሁ ተዉ፣ እዛ ጋ ስለ አሕዛብ ነው የሚያወራው።

በ2008 የቫቲካን ኦብዘርቫቶሪ (የሰማይ መመልከቻ ተቋም) ዳይሬክተር የነበሩት አባ ፉኔስ ስለዚሁ ተጠይቀው ምናልባት የጠፋችው በግ እኛ ሰዎች ልንሆን እንችላለን ብለዋል። እኔ ይሄን ወድጄዋለሁ፣ ዘጠና ዘጠኙ እነሱ ከሆኑ ደግሞ ስለ መዳን የሚጠይቁን ጥያቄም ላይኖር ነው።

ለጸሐፊው አንድ ጥያቄ አለኝ። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ፍራንክ ድሬክ በ1960 ከሌላ አለም ሲግናል ይመጣ እንደሆን ብሎ በሬዲዮ ቴሌስኮፕ ሁለት ኮከቦችን ማዳመጥ ከጀመረ ወዲህ እስካሁን የተረጋገጠ ሲግናል የለም። ታዲያ እኔ ተነስቼ ይሄ ዝምታ የክርስትና ማስረጃ ነው ብል ይቀበለኛል? አይቀበለኝም፣ ልክም ነው፣ እኔም አልለውም። ካልሆነ ያልመጣውን ሲግናል ለምን ከአሁኑ የክርስትና ማፍረሻ ያደርገዋል? ቢቻል በሚቀጥለው እትም ፕላኔቱን መቁጠር ትቶ ስለ መስቀሉ ይጻፍልን፣ እዛ ላይ ብንከራከር ደስ ይለኛል።

አንባቢያችሁ